ለቁም ቤዜ ጆሮ ስፈልግለት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። እኔ፣ አውሮፕላኑ ገና ከተማችን ጂንካ መሀል ሳር ላይ ያርፍ በነበረበት ጊዜ ነው እላለሁ፤ ላሞቹ ከሜዳው ሲባረሩ ያየሁ ይመስለኛልና። ባለቤቴ ደግሞ፣ "የለም፣ አስፋልቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ላሞቹን ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅለሃቸው ነው" ትላለች። በዓመተ ምሕረት ጉዳይ ከሚስቱ ጋር የሚከራከር ሰው መጨረሻ ላይ የገዛ ዕድሜውንም ይቀማል። ስለዚህ ሁለታችንም ልክ ነን ብለን እንለፈው።

ነገሩ ስለ ቁም ቤዜ ነው። የቁም ቤዝ አይቶ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ቫዮሊን ያስብ። ከዚያ ያንን ቫዮሊን አሳድጎ፣ ጎረምሳ አድርጎ፣ ሚስት አጋብቶ፣ ቦርጭ እስኪያወጣ ድረስ ይጠብቀው። ያ ነው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ቆመህ ታቅፈውና በጣትህ ትመታዋለህ፤ ሲመታም በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የሚሰማው። የጂንካ ሰው ግን "የአባባ ትልቁ ማሲንቆ" ይለዋል፤ እኔም ሰው ማረም ስለሚያደክመኝ ዝም እላለሁ።

እንዴት እጄ ገባ ካላችሁ፣ በወጣትነቴ የአንድ የውጭ አገር ሚሲዮናዊ አትክልተኛ ነበርኩ። ማታ ማታ ቤዙን ሲመታ በመስኮት ቆሜ አዳምጥ ነበር። አንድ ቀን ውሃ ማጠጫውን አስቀምጥና ና አለኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ኖታ የሚባለውን ነገር ሲያሳየኝ ጉንዳን መሰለኝ። ይኼን ሲያይ የቤዙ አንገት ላይ ቀለም ቀባልኝ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። እስከ ዛሬም የምመታው ቀለም ነው። ሌላው ዘማሪ "ከዚህ ቁልፍ እንነሣ" ሲል እኔ "ቢጫ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሰውዬው አገሩ ሲመለስ አውሮፕላኑ ቤዙን አልጭንም ስላለ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰጠው። እኔንም ከዕቃው ጋር አብሮ የሰጠኝ ይመስለኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያየንም።

የብረት ክሮቹ ተራ በተራ ሲበጠሱ ደግሞ፣ ከየት ይምጣ? ቄራ ሄጄ የበሬ አንጀት ለመንኩ። አጠብኩት፣ ገመድኩት፣ ፀሐይ ላይ ወጥሬ አደረቅሁት። በገና የሚሠሩ ሰዎች በበግ የሚያደርጉትን እኔ በበሬ አደረግሁት፤ አገሩ የከብት አገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስመታ ውሻ ይከተለኝ ነበር። በኋላ ውሻውም ለመደው።

እንግዲህ አንድ እሑድ፣ አምልኮው አልቆ ሰው ሲበተን፣ የመዘምራኑ መሪ መስፍን ክንዴን ይዞ ወደ ዛፉ ጥላ ወሰደኝ። መስፍን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ግን ሰው ክንድህን ይዞ ወደ ጥላ ከወሰደህ፣ ወይ መርዶ ሊነግርህ ነው ወይ ጡረታ ሊያወጣህ ነው።

"አባባ" አለኝ፣ "ቤዝዎ አይሰማም።"

"እኔ እሰማዋለሁ እኮ።"

"እርስዎማ አቅፈውት ነው። ከሁለተኛው አግዳሚ ወዲያ ግን የለም። ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ።"

"ድሮ ሰዉም ያዳምጥ ነበር።"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቀስ አድርጎ መለሰና ነገሩን ነገረኝ። ትልቁ ጉባኤ ዘንድሮ እኛ ጋ ነው። ድንኳን ይተከላል። ከገዘር፣ ከቀይ አፈር፣ ከኦሞራቴ ሳይቀር እንግዳ ይመጣል። "እስከዚያ ቤዙ ከተሰማ እሰየው። ካልተሰማ ግን ኪቦርዱ በግራ እጅ ቤዝ ያወጣል፤ እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ" አለኝ።

ያርፋሉ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ለማን ድንኳን እንደሚተከል ይጠራጠራል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልጁ አልዋሸም። የቤዙ ድምፅ ከዓመት ወደ ዓመት እየወረደ መሄዱን እኔም አውቅ ነበር። ግን የደከመው ቤዙ ሳይሆን ጣቴ መስሎኝ፣ ማንም እንዳያውቅብኝ ፊቴን እያኮሳተርኩ እመታ ነበር። ፊት ሲኮሳተር ድምፅ የሚጨምር ይመስላል። አይጨምርም፤ ሞክሬዋለሁ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። "ታዲያ ለምን አታርፍም?" አለች። ፊቴን አየችና፣ "እሺ እሺ፣ አታርፍም። ታምሩ ጋ ሂድ" አለች።

ታምሩ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሬዲዮ ሲሰጡት ሬዲዮውን ይሠራዋል፤ ቴሌቪዥን ሲሰጡት ቴሌቪዥኑን ሬዲዮ ያደርገዋል፣ ምስሉ አይመለስማ። ጨዋታው ግን ይጣፍጣል። ችግሬን ሰምቶ ጠመንጃ እንደሚመርጥ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

"ጋሼ፣ ለቤዝዎ የሚያስፈልገው ጆሮ ነው" አለኝ። "ድምፁን ከእንጨቱ ላይ ሰምቶ ለድምፅ ማጉያው የሚነግር ትንሽ ጆሮ። ሙዚቀኞች ፒክአፕ ይሉታል።"

ጂንካ ውስጥ ፒክአፕ እፈልጋለሁ ያለ ሰው የሚጠየቀው "ስንት ኩንታል ልታስጭን ነው?" ተብሎ ስለሆነ፣ እኔና ታምሩ ጆሮ እንዳልነው ቀረ።

የመጀመሪያው ጆሮ የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ ነበር። ታምሩ በካልሲ ጠቅልሎ ከክሮቹ ሥር ወተፈው። ካልሲው የእኔ ነው፤ የታጠበ ነው፤ ይህን የምጽፈው ባለቤቴ ስለምታነበው ነው። ማጉያውን ሲከፍተው እንኳን ልመታው ገና ጣቴን ሳነሣ፣ አዳራሹ እንደ ጅብ ጮኸ። ማይኩ ቤዙን ይሰማል፣ ቤዙ ማጉያውን ይሰማል፣ ማጉያው ማይኩን ይሰማል፤ ሦስቱም እየተሰማሙ እኔን የሚሰማኝ ጠፋ። የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ተቀበሉት። ጥበቃው ሮጦ መጥቶ፣ "ምን ያዛችሁ?" አለን፤ ጅብ የያዝን መስሎት ነው።

"ይኼ ጆሮ አይደለም፤ ወሬኛ ነው" አለ ታምሩና ካልሲዬን መለሰልኝ።

ሁለተኛው ጆሮ የማግኔት ነበር። አንድ ታምሩ የሚያውቀው ነጋዴ ከአዲስ አበባ የሙዚቃ ዕቃ ይዞ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ እንደሚመጣና በዚያው ቀን እንደሚመለስ ሰማን። "ሳይሞከር አይገዛም" አለ ታምሩ። ሳይሞከር የማይገዛ ከሆነ እንግዲህ ቤዙ ራሱ መሄድ አለበት።

ቤዙን ሚኒባስ ላይ መጫን ራሱን የቻለ ወግ ነው። ረዳቱ ዙሪያውን ዞሮ አየውና፣ "ይኼ ሰው ነው ዕቃ?" አለ።

"ዕቃ ነው።"

"ወገብ አለው እኮ።"

በመጨረሻ ጣሪያው ላይ ከሁለት ፍየሎች መሀል አስተኛነው። ፍየል የበሬ አንጀት አይበላም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መንገዱን በሙሉ ግን አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ሽቅብ ስመለከት፣ ተሳፋሪው ዝናብ የምጠብቅ መስሎት እሱም ያይ ነበር።

ቀይ አፈር ገበያ መሀል ቤዙን አቁመን፣ ነጋዴው ማግኔቱን ከክሮቹ ሥር አሰረው፤ ታምሩ በባትሪ የሚሠራ ማጉያውን አበራ። ሰው ከበበን። በናው፣ ፀማዩ፣ ጨው የሚገዛው፣ ማር የሚሸጠው፣ ሁሉም መጣ። ፊቴን አኮሳተርኩና ወፍራሙን ክር መታሁት።

ምንም።

ነጋዴው ሽቦውን ነቅሎ ሰካ። መታሁት። ምንም። ታምሩ ማጉያውን በጥፊ አለው፤ ይህ የመጨረሻ ሕክምናው ነው። ምንም። ነጋዴው ተናዶ አንድ የብረት ማንኪያ ከኪሱ አወጣና ማግኔቱ ፊት ሲያወዛውዘው፣ ማጉያው "ቧ፣ ቧ" አለ። ማንኪያው ይሰማል፤ ቤዙ አይሰማም።

"ክሩ ከምንድን ነው የተሠራው?" አለኝ ነጋዴው።

"ከበሬ።"

ለካ ማግኔት የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። ለበሬ ጆሮ የለውም። ነጋዴው እንደዚህ ያለ ደንበኛ ከሞያሌ እስከ ጎንደር አጋጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ፤ በምስጋና ድምፅ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ የበና ሰው፣ ትንሿን በርኩማውን መሬት ላይ አድርጎ ተቀምጦባት ያየኝ ነበር። ተነሥቶ ክሩን በጣቱ ዳሰሰው።

"በሬው ምን ዓይነት ነበር?" አለኝ።

"አላውቅም። ከቄራ ነው ያመጣሁት።"

"ቀይ? ነጭ? ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለበት?"

"አላየሁትም ወንድሜ፤ አንጀቱን ብቻ ነው ያየሁት።"

ሰውዬው በጣም አዘነልኝ። ለጓደኞቹ በቋንቋቸው አስረዳቸውና እነሱም አዘኑልኝ። "በሬውን ሳታውቀው፣ ድምፁን ስጠኝ ትለዋለህ" አለኝ። ወደ ጂንካ ስንመለስ ታምሩ ከጎኔ ተቀምጦ፣ "ጋሼ፣ ሰውዬው ግን ልክ ነው" እያለ አናደደኝ። እኔም በውስጤ ልክ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ ነበር።

ሦስተኛው ጆሮ ተለጣፊ ነው። አንድ የሳንቲም ያህል ክብ ነገር፤ እንጨቱ ላይ ትለጥፈዋለህ፣ የእንጨቱን መንቀጥቀጥ ይሰማል። በሬ ይሁን ብረት አይጠይቅም። ታምሩ ከአዲስ አበባ በሹፌር አስመጣው፤ ጉባኤው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ደረሰ።

ይኼኛውማ ሰማ። ከልክ በላይ ሰማ። ቤዙን ስመታው ይሰማል። የኮቴ ቁልፍ እንጨቱን ሲፍቀው ይሰማል። እኔ ሲደክመኝ አገጬን ቤዙ አንገት ላይ አስደግፋለሁ፤ ምራቄን ስውጥ እሱም ይሰማል። አጉረመረምኩ እንደሆነ ይሰማል። ይህ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም። የከፋው፣ ምንም ሳልነካው በማጉያው ውስጥ "ዝዝዝ" የሚል ነገር መሰማቱ ነው። አያቋርጥም። ቤዙም ሲመታ ድምፁ ከዚያ ዝዝታ በታች እንደ ታመመ ሰው ነው።

"ግራውንድ ነው፤ ሽቦው መሬት አጥቶ ነው" አለ ታምሩ። የኤሌክትሪክ ሰው የማያውቀውን ሁሉ ግራውንድ ይለዋል። ብረት መሬት ውስጥ ቀበረ፤ ዝዝዝ። ብረቱ ላይ የጨው ውሃ አፈሰሰ፤ ዝዝዝ። እኔን ጫማ አስወልቆ እርጥቡ ላይ አቆመኝ፣ በግራ እጄም ምስማር አስያዘኝ። ባለቤቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ፣ ባሏ በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ ቆሞ ምስማር ይዟል። ምሳውን አስቀምጣ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። ያን ዕለት ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ጉባኤው ሦስት ቀን ሲቀረው የመዘምራን ኮሚቴው ቤዙን ሰምቶ ሊወስን አዳራሹ ተሰበሰበ። መስፍን አለ፤ ከሽማግሌዎቹ ጴጥሮስ አለ፤ ባለቤቴም ከመዘምራኑ ናትና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ጴጥሮስ የእኔ እኩያ ነው፤ ጸሎቱ ኃይለኛ ነው፤ መኪና አልነሣ ሲል እንኳን ከመካኒኩ በፊት እሱ ነው የሚጠራው። ታምሩ ሁሉንም ሽቦ ሰካ፤ እኔ ፊቴን አኮሳተርኩ፤ ማጉያው "ዝዝዝ" አለ። መስፍን እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ። ይህ የጉንጭ ነገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ይኼኔ መብራት ጠፋ።

በጂንካ መብራት መጥፋቱ ወሬ አይደለም። ማጉያው ሞተ፤ ኪቦርዱ ሞተ፤ ሁላችንም በዝምታ ተቀመጥን። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ከቤዙ ሆድ፣ "ዝዝዝ"።

ታምሩ ሽቦውን ከቤዙ ላይ ነቀለው። ዝዝዝ። ሽቦውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኖ የኖረበትን ዘመን ሁሉ የሚጠራጠር ዓይን ነበር። ጴጥሮስ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ እጁን ዘረጋና፣ "ከዚህ ዕቃ ውስጥ ውጣ" ብሎ በጌታ ስም ማዘዝ ጀመረ። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ አሜን አሉ። እኔ ግን አቅፌው ስለነበር ልሂድ ወይስ ልቁም ጨነቀኝ፤ ውጣ የተባለው ማን እንደሆነ ገና አልታወቀማ።

ትእዛዙም ሠራ። ከቤዙ ቀዳዳ አንዲት ትንኝ የምታህል ነገር ወጣች፤ የጴጥሮስ አፍንጫ ላይ አረፈች። ሌላም ተከተለቻት።

"ጣዝማ" አለ ጴጥሮስ፣ እጁ እንደተዘረጋ።

ጣዝማ መሬት ውስጥ ነው የምትኖረው ይላሉ። የእኛ አገሮቹ የጣዝማ ዘመዶች ግን የዛፍ ሽንቁርም የግድግዳ ስንጥቅም አይንቁም፤ ቤዝንም አልናቁም። አይናደፉም፤ ትንኝ ይመስላሉ፤ እኔም ለዓመታት ትንኝ ናቸው እያልኩ በእጄ ሳባርራቸው ኖሬያለሁ። ማራቸው ቀጭን ነው፤ ኮምጠጥ ይላል፤ ለሳል የሚሆን ነውና ከንብ ማር ይልቅ ይፈለጋል። ጴጥሮስ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ደቅኖ በባትሪ አበራና፣ "ሞልቷል፤ እስከ አንገቱ ሰም ነው" አለ።

ለካ ቤዜ ድምፁን ያጣው ሆዱ በማር ታጭቆ ነው። ጆሮ የምፈልግለት የነበረው አፉ ሞልቶ መናገር ላቃተው ነው።

ይህ ከታወቀ በኋላ ስለ ቤዙ የሚያስብ ሰው ጠፋ። በእኛ ዘንድ ዱር ውስጥ የንብ ቤት ያገኘ ሰው ዛፉ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ማሩ የእሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ታምሩ ቶሎ ብሎ ከኪሱ ቀይ ሽቦ አወጣና የቤዙ አንገት ላይ አሰረ።

"መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ" አለ።

"ሰምተህ ግራውንድ ነው አልክ" አለው ጴጥሮስ። "በስሙ የጠራው ነው ያገኘው።"

"አንተም መጀመሪያ በስሙ አልጠራኸውም፤ ውጣ ነው ያልከው።"

"ወጣ አይደል እንዴ?"

አንዱ፣ ዛፉ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ማሩም የቤተ ክርስቲያን ነው አለ። ሌላው፣ ቤዙ ዛፍ አይደለም አለ። ቤዙ ከምን እንጨት እንደተሠራም ተከራከሩ። ቤዙ ይከፈት ሲባል፣ አንዱ መጋዝ ሊያመጣ ተነሣ። መስፍን ብቻ ነው ወደ እኔ የመጣው። "አባባ፣ ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ይኼ በሦስት ቀን የሚያልቅ አይመስልም። ዘንድሮ በኪቦርዱ እንለፍ" አለኝ። በትሕትና ነው ያለው። እኔም እሺ አልኩት። ከአፌ እሺ ሲወጣ ግን ቤዙን የያዘው እጄ አልለቀቀም።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ተነሥታ መጣች። ቀይ ሽቦውን ፈታ ለታምሩ በእጁ ሰጠችው። ለጴጥሮስም አፍንጫውን እንዲጠርግ መሐረቧን ሰጠችው። "እናንተ ተከራከሩ፤ እስክትጨርሱ እኛ ቤት ይቆያል" አለችና፣ "አንተ፣ በእግሩ በኩል ያዝ" አለችኝ። በመንገዱ ዳር፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ፣ እንደ በሽተኛ ተሸክመን ወሰድነው። መንገደኛው ባርኔጣውን እያወለቀ አሳለፈን።

ግቢ ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ አስተኛችው። ያረጀ ጃንጥላ ሽቦ ጫፉን ቆለመመችና በቀዳዳው እየሰደደች ሰሙን ቀስ እያለች መሳብ ጀመረች፤ እጇ ቀጭን ነው፣ እስከ ክንዷ ይገባል። እኔ ልርዳ ስል፣ "አንተ ዝም ብለህ ምስማርህን ይዘህ ቁም" አለችኝ። በሆዱ ገልብጣ ከሥሩ ሳፋ ዘረጋች፤ ማሩ ሲንጠባጠብ ዋለ፤ አደረ። እጫቸውና ንግሥታቸው ያሉበትን ሰም ሳትሰብር አውጥታ ቅል ውስጥ አኖረችና ቅሉን የቤቱ ጥግ ላይ ሰቀለችው። ተከትለዋት ገቡ፤ እኔም ራሴ ስትጠራኝ የምገባው እንደዚያው ነው።

ከማሩ አንድ ኩባያ ለጴጥሮስ፣ አንድ ኩባያ ለታምሩ ላከች፤ ክርክሩ በዚያው አለቀ። የቀረውን ለሚያስለው ሰው ሁሉ በማንኪያ ሰጠች። ያን ዕለት ሰፈሩን በሙሉ ሳል ያዘው። ከሰልፉ መሀል መስፍንም እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሞ አየሁት።

ሲያልቅ ውስጡን በጨርቅ ጠርጋ አቆመችውና፣ "በል" አለችኝ። ቀይዋን ምልክት ይዤ ወፍራሙን ክር ነካሁት።

ምን ልበላችሁ። ድምፁ ከመሬት በእግሬ ገብቶ በደረቴ ወጣ። አጥር ላይ የነበረችው ዶሮ ወረደች። ማኮሳተር ረስቼ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ጣቶቼን አየኋቸው፤ ስንት ዓመት በሐሰት የተከሰሱ ጣቶች። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ሳፋው አዙራ፣ "ሰማሁ፤ አንዴ ይበቃል፤ ሕፃን ተኝቷል" አለች። የተኛ ሕፃን ግን ቤታችን አልነበረም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ታምሩ ግን በጉባኤው ቀን ተለጣፊውን ጆሮ ይዞ መጣ። "ድንኳኑ ሰፊ ነው ጋሼ፤ ለጥንቃቄ" አለኝ። ባለቤቴ፣ "አሁን ምን ይሠራለታል?" አለች። እኔ ደግሞ ብዙ የደከምንበት ነገር እንዲሁ ሲቀር አይሆንልኝም፤ ለጥፈው አልኩት።

ከኦሞራቴ የመጡት እንግዳ ሰባኪ ስብከታቸውን በመንገዳቸው ጀመሩ። ከኦሞራቴ ሲነሡ ጎማ ፈነዳ። ጎማው ሲቀየር አንድ ሰው አገኙ። ያ ሰው የነገራቸው ሌላ ታሪክ አለ። ከእሳቸው ቀጥሎ ተነሺ እኛ ነንና ቤዜን አቅፌ ቆሜ ነው የምጠብቀው። እንደ ልማዴ ሲደክመኝ አገጬን አንገቱ ላይ አስደገፍኩ፤ ዓይኔንም ከደን አደረግሁ። ለራሴ ብቻ፣ በጉሮሮዬ፣ "ይኼ ሰውዬ ገና ቱርሚ አልደረሰም፤ ጂንካ ሳይገባ ይመሽብናል" አልኩ።

ወዲያው ከላይ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ፣ አንድ የሚያስገመግም ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬ ትንሽ ይደክማል፤ ግን ስለ ቱርሚ ሲናገር ሰማሁት። እኔ የማስበውን ደፍሮ የተናገረ ሰው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። አገጬን ሳላነሣ፣ "እውነቱን ነው" አልኩ።

"እውነቱን ነው" አለ ድንኳኑ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰባኪው ንግግራቸውን አቁመው ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ አዩ። እኔ ደግሞ ወደ ኋላዬ አየሁ፤ ማንም የለም፤ ሸራ ነው። ታምሩ የማጉያው ቁልፍ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ከመዝጋት ይልቅ ይስቃል። ይቅርታ ልበል ብዬ አፌን ስከፍት ያ ደግሞ በድንኳኑ ሙሉ "እእእ" ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ኪቦርዱ ቀርቶ ቀጥታ መቃብሬን በራሴ ልቆፍር ዝግጁ ነበርኩ።

ባለቤቴ ከሴቶቹ ረድፍ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሳትቸኩል በመተላለፊያው መሀል መጣች፤ ቤዙ ሥር ጎንበስ አለችና ሽቦውን ነቀለች። በሽቦው ጫፍ የታምሩን ጉልበት መታ አድርጋ አስታቀፈችው። ወደ ሰባኪው ዞራ አንገቷን ዝቅ አደረገችና፣ "ይቀጥሉ አባታችን፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ እናውቀዋለን" አለቻቸው። እሳቸውም መልካም ሰው ናቸው፤ ሲስቁ ቆዩና፣ "እንግዲያውስ ቱርሚን ዘልዬ ቀይ አፈር ልግባ" አሉ። ቀይ አፈርም ብዙ አልቆዩም።

ወደ ቦታዋ ልትመለስ በአጠገቤ ስታልፍ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አገጭህን አንሣና ምታ" አለችኝ። ያለ ጆሮ፣ ያለ ሽቦ መታሁት። ኪቦርዱ ግራ እጁን አነሣ፤ ሰዉ ከእግሩ ጀምሮ ተወዛወዘ። መስፍን እየመራ ዞሮ አየኝ፤ እጁ ጉንጩ ላይ አልነበረም። የመጨረሻው ረድፍ ድረስ ተሰማ አይባልም፤ ውሸት አልጽፍም። የመጨረሻው ረድፍ ግን ሰማን ብለው መስክረዋል፤ እኔ ከቅዱሳን ጋር ምን አከራከረኝ።

ከዚያ ወዲህ ከዩኒቨርሲቲውም ከየቤተ ክርስቲያኑም ወጣቶች እየመጡ፣ "አባባ፣ ለቁም ቤዝ የትኛው ጆሮ ይሻላል?" ይሉኛል። ስለ ማይኩ እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ማግኔቱና ስለ በሬው፣ አገጭ ስለማይወደው ስለ ተለጣፊውም እነግራቸዋለሁ። "የእርስዎስ የትኛው ነው?" ሲሉኝ ግን ከሱቅ የተገዛ አልነበረምና ዝም እላለሁ። በእኛ ዘመን ባል የሚስቱን ስም በአደባባይ አይጠራም፤ "ባለቤቴ" ብሎ ያልፋል፤ እኔም እስካሁን እንዲሁ አልፌአለሁ። ዛሬ ግን ሰው ያንብበው፤ እሷም ታንብበው፤ ዘነበች ትባላለች።